የሌሊት ፈረቃ ሪፖርት

ቡሬ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዘይት መጭመቂያው ደጅ ላይ፣
በየፈረቃው እንገባለን፣ በየአፋችን ሌላ ሰማይ።

ጉርሜሳ ከሆሮ፣
ዓባይን ተሻግሮ፤
ፈንታነሽ ከእንጅባራ፣
አገውኛዋን በጉንጯ ቋጥራ፤
ኢንጂነር ሱብራማኒያም፣ ከህንድ ደቡብ ጫፍ፣
«ሱብሬ» ብለን ያሳጠርነው፣ ስሙ ቢረዝምብን ለአፍ፤
እኔ ደግሞ አንሙት፣ የዚሁ የቡሬ ልጅ፣
ሰባት ዓመት ቅኔ ቆጥሬ
ዛሬ ፎርም የምሞላ፣ ከማሽን ደጅ።

በመጀመሪያው ሰሞን
ሱብሬ «ገባኝ» ሲል አንገቱን ግራ ቀኝ ይነቀንቃል፤
ጉርሜሳ «እምቢ አለኝ» ብሎ መፍቻውን ጥሎ ይወጣል።
ፈንታነሽ «አዎ» ልትል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች፤
ሱብሬ ክው ይላል፦ ምን ሆነች? ታመመች?
አንገትና ትንፋሽ እንዲህ ሲካሰሱ ሰንብተው
«ኦኬ» ሽማግሌ ሆኖ ገባ፤ ቁመቱ ሁለት ፊደል ነው።

ከዚያ ወዲህ ለመድነው።
«ቫልቭ ክሎዝ።» «ፓምፕ ኦን።» «ቱሞሮ ክሊን።»
ግሱ ሳይረባ፣ አገባቡ ሳይጠና፣
ሥራው ግን ይሄዳል፤ ዘይቱ ይወርዳልና።

የሚከዳን ሌላ ቦታ ነው።
ጉርሜሳ አባቱን ቀብሮ የተመለሰ 'ለት
ሱብሬ እጁን ጨበጠው፤ ብዙ ሊለው ፈለገ፤
ምላሱ ላይ የተገኘው «ቬሪ ሶሪ» ሆነና
እሱኑ ሦስቴ ደገመው፣ እጁን ሳይለቅ ገና።

እንዲህ ያለ ቀን የኔታ ክንፉ ትዝ ይሉኛል።
ከላስታ የመጣ፣ ከትግራይ፣ ከአገው ምድር፣
በአንዲት የሣር ጎጆ አብረን የምናድር፣
ቀን በየአፋችን ተጣልተን፣ ማታ በግዕዝ ስንታረቅ፣
በግዕዝ እሹሩሩ የተባለ
ከመሐላችን አንድም አልነበረ፤ ማን ከማን ይበልጥ? ማን ይራቅ?
ይቺም የፋብሪካችን ቋንቋ ያው እንደዚያው ናት፣
ለሁላችን እኩል፣ የእንጀራ እናት።
ሰሙ ቅያሜ ነው፤
ወርቁን ደመወዝ ቀን ፈልግበት።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
የኑግ ማጓጓዣው ቀበቶ
የፈንታነሽን እጅጌ ነከሰ።
ያኔ «ስቶፕ» ያለ የለም።
ጉርሜሳ «ዻቢ!» አለ፣
ዓባይ ማዶ፣ እናቱ ደጅ በሚደርስ ድምፅ።
ሱብሬ በታሚሉ ጮኸ፤ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ያ ሁሉ ግስ፣ ያ ሁሉ አገባብ ሸሽቶኝ
እኔ «እመ ብርሃን!» ብቻ።
ፈንታነሽ እናቷን ጠራች፣ በአገውኛ።
ማጥፊያው አጠገብ የቆመው የመተከል ልጅ፣
ከተቀጠረ ሳምንት ያልሞላው፣
ከአራታችን ያንዳችንም አፍ ያልገባው፣
አራታችንንም ሰማ።
ቀዩን መታው።

እጅጌው ተቀደደ። ክንዷ ተላጠ። ጣቶቿን ቆጠርናቸው፤
አሥር ናቸው። ደግመን ቆጠርናቸው።

ሊነጋጋ ሲል ፎርሙ መጣ፣ በእንግሊዝኛ የታተመ፦
በአደጋው ሰዓት ምን ተባለ?
ከጥያቄው ፊት አንዲት መስመር፤
ሰው በጎኑ የሚያልፍባት፣ እንኳን አራት ጩኸት።
እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ፣
እንደ ድሮው፣ ቤት እስኪመታልኝ።
ከዚያ ጻፍኩ፦ «ኦል ሴይ ስቶፕ።»

ሱብሬ አነበበው።
ማንም እንዳላለው ያውቃል፤ እሱም አላለውም።
ቀና ብሎ አየኝ።
አንገቱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ።
እኔም ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።
ፈረመ።